ሠላሳ ሁለቱ ልጆቼ

ተኛ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ስትተኩስ አድረህ የራስህ አንሶላ ላይ መተኛት አቃተህ? ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው የገባሁት፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ዘፍ አልኩ፣ አሁን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ፀሐዩ መጋረጃው ባልደረሰበት ጥግ ገብቶ ልክ ዓይኔ ላይ ተቀምጧል፣ ከታች ያለው ጎማ ቤት ብሎን መፍቻውን ትርርር ባደረገ ቁጥር አልጋዬ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ነጭ ከረጢት አያለሁ፣ እሷም ታየኛለች። ውስጧ ያለችው ፕላስተር ናት። ሰኞና ሐሙስ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ አሮጌዋን ልጦ አዲሷን ከእምብርት በታች መለጠፍ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ በመዳፍ ተጭኖ እስከ አሥር መቁጠር፣ ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ ስል ኖርኩ። ባለፈው ሐሙስ ግን አሮጌዋን ላጥኩና አዲሷን ሳልለጥፍ ቀረሁ። ማንም አላየኝም፣ ማንም አልተቆጣኝም፣ ሰማይም አልተደፋም። ዛሬ ሰኞ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሚስቴ ሱቋን ዘግታ ትደውላለች፣ ከዚያ በፊት ይቺን ነገር ወይ ለጥፌ ወይ ጥዬ መገላገል አለብኝ፣ ምክንያቱም ዛሬ ደግሞ ስለ ልጅ ታወራኛለች፣ እኔም ደግሞ እስቃለሁ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ልጆቹ ተሰልፈው ሲመጡ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻቸውን ትለካለች፣ እጅጌውን ሁልጊዜ ሁለት ጣት ታስረዝመዋለች፣ እስከ ዓመት ያድጉበታል ብላ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ ነው ያገባኋት፣ እኔ ሃምሳ አንድ፣ እሷ ሠላሳ ስድስት፣ ዘመድ አዝማዱ «አንተ ሽማግሌ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ሲለኝ «ሰዓቴ ቆሞብኝ ነበር፣ ባትሪ አስገባሁ» እያልኩ ሠርግ ቤቱን በሳቅ አፈረስኩት። እሷ አልሳቀችም፣ በክንዷ ጎሸም አድርጋኝ «ይሄ ሰውዬ ቁም ነገር አያውቅም እንዴ?» አለች። አላውቅም። እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። ሁለት ወር አብረን ቆየንና ተመለስኩ፣ እሷም አርግዛ ቀረች፣ በሦስተኛው ወር ፅንሱ ወጣባት። ሥራ ቦታ፣ የሆቴል አንሶላ የምናጥብበት ላውንደሪ ውስጥ፣ እረፍት ላይ ሆኜ ነው የደወለችልኝ፣ እርጥብ አንሶላ የሞላበት ጋሪ አጠገብ ቆሜ፣ እሷ ዝግ ባለ ድምፅ «ወጣብኝ» ስትለኝ እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው መንታ አድርገን እናካክሰዋለን» አልኩ። ዝም አለች። የዚያን ዝምታ ርዝመት እኔ ነኝ የማውቀው፣ የእረፍት ማብቂያው ደወል እስኪጮህ ድረስ ነው።

አሁን ወደዚህ የምትመጣበት የወረቀት ጉዳይ አልቋል። ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር ስንት መስኮት ላይ ቆሜ፣ ስንት ቁጥር ወስጄ፣ ስንቴ «የተሳሳተ ፎርም ነው የሞላኸው» ተብዬ፣ በስተመጨረሻ አለቀ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ትገባለች። ትናንት ስትደውል ድምፅዋ ራሱ ዘሎ ዘሎ ነው የሚመጣው። «ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፣ ፎሊክ አሲድ የሚባል የእርግዝና ክኒን ካሁኑ ጀምሪ አለችኝ፣ ጀመርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ፣ የሚባክን ቀን የለንም። አንተስ ትበላለህ? ወገብህስ?» እኔም፦ «ወገቤ ደህና ነው፣ ፕላስተሬን ለጥፌበታለሁ።» ወገቤ! ዓመት ሙሉ ለወገቤ ነው ያልኳት። እርጥብ አንሶላ ስሸከም ወገቤ ተቀጨ፣ ዶክተሩ ፕላስተር አዘዘልኝ፣ ብያታለሁ። ዋሸሁ አይባልም፣ ፕላስተሩ እውነት ነው፣ ዶክተሩም እውነት ነው፣ ከታች ካለው ነገር ወደ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው የነገርኳት።

የጀመረኝ የሽንት ነገር ነው። ሌሊት አራቴ አምስቴ ሥራ እያቋረጥኩ ስወጣ፣ ጢሞ፣ መተኮሻው ላይ ከእኔ ጋር አንሶላ የሚይዘው ጢማሙ፣ «አንተ ሰውዬ ሽንት ቤት ሌላ ሥራ ይዘሃል እንዴ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከርሞ፣ ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ደም ወሰዱ፣ መርፌ አስገብተው ቆንጥረው አወጡ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠርተው ወንበር ሰጡኝ። ወንበሩን ሲያቀርቡልህ ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ ይገባሃል። የአገሩን ቋንቋ አውቃለሁ፣ ግን የኔ ቋንቋ የጋሪና የአንሶላ ነው፣ እንዲህ ላለው ነገር አይሆንም፣ ስለዚህ አስተርጓሚ አመጡልኝ፣ ልጅ እግር፣ ብወልድ የመጀመሪያዬ እሷን ነበር የምታክለው፣ የወንዜ ልጅ፣ ገና ስታየኝ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» አለችኝ። ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። እሷ ደብተሯን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ጫማዬን አየች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ… ካንሰር ነው ይላል። ፕሮስቴት ከሚባለው እጢ ትንሽ ወጣ ብሏል። ምግቡ የወንድ ሆርሞን ነው፣ ስለዚህ ምግቡን ለመከልከል ኤስትሮጅን የሚባል፣ ማለት… የሴት ሆርሞን፣ በፕላስተር ይሰጥዎታል።»

«የሴት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቀሚሱንም እነሱ ናቸው የሚያቀርቡት ወይስ ከራሴ ነው?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቋን ሳይ ትንሽ ቀለለኝ፣ አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ዶክተሩ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፣ እሷም አንገቷን ደፋች፣ ጆሮዋ ቀላ። «ጋሼ… መድኃኒቱ… የዘር ፍሬ ላይ… ዘር መሥራቱን ያቆመዋል ይላል። እና ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት አስቀድሞ…» አላስጨረስኳትም። እንዴት ላስጨርሳት? ልጄ የምትሆን ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስለ ፍሬዬ ስታወራ፣ እኔ ደግሞ ለእሷ «አዎ የኔ ልጅ፣ ዘሬን በዕቃ አስቀምጡልኝ» ልላት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻላል። «የኔ ልጅ፣ እንዲህ በይው» አልኳት፣ «ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ማታ ማታ ስም እየጠራሁ ነው የማስተኛቸው፣ አንዳንዴ ተሳስቼ የጎረቤት ልጅ ጨምሬ አስተኛለሁ።» አፏን በእጇ ያዘች፣ ወደ ዶክተሩ ዞረችና አጠር አድርጋ አንድ ነገር አለችው፣ ዶክተሩም ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፣ ከአምስተኛ ክፍል ሳቋርጥ ይዤ የወጣሁት እሱን ነው።

በልጅቷ አልፈርድም። ምን ትበል? «ጋሼ፣ አይቀልዱ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» ብላ ሽማግሌ ትቆጣ? የአገሯ ሰው ነኝ፣ ሳቄን ሰምታ ቀልድ መሆኑ ገብቷታል፣ ግን ከቀልዱ በስተጀርባ ልጅ አለው ብላ ነው የወሰደችው፣ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው እንዴት ልጅ አይኖረውም? ሠላሳ ሁለቱን ወደ «በቂ ልጆች አሉት» አሳጥራ አስገባችልኝ። እኔን ከሀፍረት ልታድነኝ ነው። ሁለታችንም ተከባበርን፣ ተሳሳቅን፣ ተመራረቅን፣ ወጣን።

ሚስቴ ወረቀቷ ያለቀ ሳምንት ነው የሐኪም ቤቱን ነርስ የጠየቅኩት። ነርሱ ወጣት ነው፣ ለእኔ ብሎ ቀስ ብሎ ይናገራል። በተሰባበረ ቋንቋዬ «ሚስት ትመጣለች፣ ልጅ ይቻላል ወይ?» ስለው ኮምፒውተሩን አየና ግራ ገባው፣ ወደ እኔ አዞረልኝና በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ፦ ልጆች፣ አሉት፣ ብዙ። ዘር አስቀድሞ ማስቀመጥ፣ ተነግሮታል፣ አልፈለገም። ከሥሩ የኔ ውብ ፊርማ። ምላሴን በቆረጠው! ሃያ ዓመት እዚህ አገር ስኖር እንዲህ የተጻፈልኝ ቃል የለም፣ የሥራ ቅሬታዬን ሦስቴ አስገብቼ አንዱንም አልጻፉልኝም፣ ቀልዴን ግን ልቅም አድርገው መዘገቡት።

ነርሱ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ላይ ሰው ሣለልኝ። ከአንጎል ሥር አተር የምታክል እጢ አለች፣ እሷ አለቃ ናት አለኝ። ወደ ታች ሁለት ትእዛዝ ትልካለች፣ አንዱ የወንድ ሆርሞን ሥሩ ይላል፣ አንዱ ዘር አሳድጉ ይላል። ኤስትሮጅኑ በደም ውስጥ ሲዞር አለቃዋ «ሆርሞን ሞልቷል» ትልና ትእዛዙን ታቆማለች። ትእዛዝ ከሌለ ፍሬው ሥራ ይፈታል፣ የወንድ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ዘሩ ባለበት ይቆማል፣ ፍሬው ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። አንድ ዘር ከተጀመረ አድጎ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል፣ ሦስት ወር ይፈጅበታል፣ በመንገድ ላይ የነበሩት ይወጣሉ፣ ያልቃሉ፣ ከኋላ የሚተካቸው የለም። ይሄ ገባኝ። ከማንም በላይ ገባኝ። ሆቴሎቹ «አንሶላ አለን፣ አትላኩ» ብለው ሲደውሉ ላውንደሪው እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ መስመር ላይ ያለው አንሶላ ተጠቅልሎ ያልቅና መተኮሻው ይበርዳል፣ እኔና ጢሞ እጃችንን አጣጥፈን እንቆማለን። ማሽኑ አልተበላሸም፣ የሚያዘው ነው የጠፋው።

ለማንኛውም እንመርምር ተባልኩ፣ ብልቃጥ ተሰጠኝ፣ ክፍል ተሰጠኝ፣ ወንበሩ ላይ ወረቀት አንጥፈውበታል፣ ግድግዳው ላይ የባሕር ሥዕል አለ። ከዚያ በላይ ለራሴም አልናገርም። ውጤቱ ዜሮ ሆነ። አራተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ዜሮ አምጥቼ አባቴ ገርፎኝ ነበር፣ ዜሮን ያኔ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። «አንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም በወራት ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም፣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም» አለኝ ነርሱ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ «አንተ ግን ብታቆም የሚነቃው ዘሩ ብቻ አይደለም» አለ። ይሄንንም ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

እና ሐሙስ ዕለት ሻወር ውስጥ ቆሜ፣ አሮጌዋን ላጥኳት፣ የሙጫው ምልክት ሆዴ ላይ አራት ማዕዘን ሠርቶ ቀረ፣ አዲሷን አልለጥፍም አልኩ። አራት ቀኔ ነው። ሰውነቴን እንደ ላውንደሪው ውሃ ማፍያ ቦይለር አዳምጠዋለሁ። የተነሳ ነገር አለ? የለም። ፕላስተሩ ያሳበጠው ጡቴም እንዳበጠ ነው፣ የጋሪው ብረት ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ያዝላል፣ ትናንት ሌሊት ጢሞ ደረቴን አይቶ «አንተ፣ እያማረብህ ነው፣ ለማን ነው?» ሲለኝ «ለሠላሳ ሁለቱ» አልኩት፣ አልገባውም፣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አንሶላውን ከጫፍና ጫፍ ይዘን ስንዘረጋ ፊቴን ከጀርባው ደበቅኩ። ሂሳብ እሠራለሁ። አምስት ሳምንት፣ ሲደመር ሦስት ወር፣ ሲደመር ምናልባት። የሚነቁት ሁለት ናቸው፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚነሳ አላውቅም፣ አንዱ ልጄ ነው፣ አንዱ ገዳዬ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የተኙት።

ወይም ደግሞ እለጥፋለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ትምጣ። ትመጣለች፣ ክኒኗን ትውጣለች፣ ወር ይሄዳል፣ ወር ይመጣል። እኔ ምንም አልልም። ይሄ ነው ቀላሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ይሄ ነው፣ እየተኮስኩ፣ እያጠፍኩ፣ እያሰብኩ። ግን ከዚያስ? ማንን ያያሉ? እሷን ነው የሚያዩት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያኔም የወጣው ከእሷ ነው፣ እኔ ግን አስረግዤ አሳይቻለሁ፣ ማንም ወደ እኔ አይዞርም። እህቴ በስልክ «እስቲ እሷን በደንብ አስመርምራት» ትለኛለች። እሷም ራሷን ታያለች፣ ማታ መስታወት ፊት ቆማ ሆዷን ስትነካ ይታየኛል፣ እኔ ከኋላዋ አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ ፕላስተሬን ከሸሚዜ ሥር ይዤ፣ አንድ ቀልድ እየፈለግኩ። አይ። አይ፣ ይሄስ የሰው ሥራ አይደለም።

ስልኩ ጮኸ። አሥር ሰዓት ሆነ እንዴ? ሆኗል፣ ፀሐዩ ከዓይኔ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ሄዷል፣ ከረጢቷ ላይ።

«ተኝተህ ነበር?»

«አዎ።»

«ውሸታም፣ ድምፅህ እንቅልፍ አላየም። ምን ሆነሃል?»

«አንቺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂ።»

«አንተ እኮ ነህ የምትስቀው።»

ነገርኳት። ከሽንቱ ጀምሬ፣ ወንበሩን፣ ልጅቷን፣ አለቃዋን እጢ፣ ብልቃጡን፣ ዜሮውን። መሀል ላይ ሁለት ቦታ ቀልድ አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ስጨርስ፦

«በዚህ አይቀለድም፣ እሺ? በዚህ እንኳ አይቀለድም።»

«አልቀለድኩም።»

«ሙቺ በለኝ።»

ይኸው፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ያሾፍኩት ዛሬ መጣብኝ፣ የሞቴን ወሬ ስናገር እንኳ የሚያምነኝ የለም። «ሙቺ» አልኳት። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ከበደችኝ።

ከጀርባዋ የሱቁ መዝጊያ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማኛል። እሷ ትተነፍሳለች። ደወል የለም የሚያቋርጠን፣ ዛሬ የእረፍት ሰዓት አያልቅም፣ ዝምታዋን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

«ሠላሳ ሁለት አልካቸው?»

«አዎ።»

«ለምን ሠላሳ ሁለት?»

«እንጃ። የጥርስ ቁጥር ነው መሰለኝ።»

«አንድ እንኳ ሳይኖርህ» አለች። «አንድ እንኳ ሳይኖረን!» ከዚያ አለቀሰች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ነው፣ የጎረቤት ሱቅ ገና አልተዘጋ ይሆናል። እኔ ሰማኋት። አይዞሽ አላልኩም። መንታ አላልኩም።

«እና ያ ፕላስተር የወገብ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ዛሬ ነው የሚለጠፈው?»

«ዛሬ። ሐሙስም ነበር።»

«ሐሙስ ለጠፍክ?»

ከረጢቷን አየኋት።

«አንተ! ሐሙስ ለጠፍክ ወይ?»

«አልለጠፍኩም። ምናልባት ቢመለስ ብዬ… ልጅ ልጅ ስትዪ…»

«እኔ ልጅ ስል ከማን ጋር ነው ያልኩት?» ጮኸችብኝ፣ ጎማ ቤቱ ራሱ ጸጥ ያለ መሰለኝ። «ከሬሳ ጋር ነው ያልኩት? ዓመት ሙሉ ወገቤን ትለኛለህ፣ እኔ እዚህ ወገብህን በቅባት እሸዋለሁ ብዬ ቅባት ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ! በጣም ነው የተናደድኩብህ። ስመጣ እንዴት አድርጌ እንደምናደድ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ግን ተነስ፣ ለጥፈው።»

«እሺ፣ ስልኩን ስዘጋ…»

«አትዘጋም። እየሰማሁህ።»

ተነሳሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ከረጢቷን ቀደድኳት፣ ሙጫው ላይ ያለችውን ልስልስ ላስቲክ ላጥኳት።

«ቆዳህ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«ጠርዙ እንዳይሸበሸብ፣ ከመሀል ወደ ዳር በጣትህ ሳበው። እንደ ኪስ ነው፣ ጥጉ ከተነሳ ሁሉም ይነሳል።»

«ዘንድሮ ገና ኪስ አወጣሁ» አልኩ፣ አመለጠኝ። አልሳቀችም፣ ግን አልተቆጣችም።

«ከዚያስ?»

«በመዳፌ ተጭኜ እስከ አሥር እቆጥራለሁ።»

«ተጫን። እኔ እቆጥራለሁ።»

ተጫንኩ። ሆዴ ይሞቃል፣ መዳፌ ይቀዘቅዛል። እሷ ትቆጥራለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ልጆቹን ስትለካ እንደምትቆጥረው ነው፣ ሳትቸኩል፣ እያንዳንዱን ቁጥር ቆማ እያየች። አሥር አለች። እጄን ላነሳ ስል አሥራ አንድ አለች።

«ይበቃል እኮ፣ አሥር ነው የሚሉት።»

«ዝም ብለህ ያዝ» አለችኝ፣ «አሥራ ሁለት።»

ያዝኩ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ሃያ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ጠበቅኳት፣ ቀጠለች። ሃያ ሰባት ላይ እኔም ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ጀመር፣ ድምፅ ግን አላወጣሁም፣ የእሷ ነው ቁጥሩ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።

«ሠላሳ ሁለት» አለች፣ ከዚያ ወዲያ አልቆጠረችም። «ሐሙስም እደውላለሁ። አሁን ተኛ።»